አራት አሮጌ ማሽን ወደ አንድ ሰርቨር ሳጠቃልል የተማርኩት

ቢሮው ትንሽ ነው፣ ሃያ ምናምን ኮምፒውተር፣ ጥቂት ፕሪንተሮች፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ የተደረደሩ አራት አሮጌ ማሽኖች። አንዱ ዶሜይን ኮንትሮለር (የሰራተኞቹን አካውንትና ፓስዎርድ የሚያስተዳድረው)፣ አንዱ ፋይል ሰርቨር፣ ሶስተኛው የሂሳብ ሶፍትዌሩን ከነዳታቤዙ የተሸከመ፣ አራተኛው ግን ምን እንደሚሰራ ማንም እርግጠኛ አይደለም፣ ብቻ ሲጠፋ የሆነ ሰው ይጮሃል (ሳጣራው ፕሪንተሮቹን የሚያገናኝና ስካነሩ ፋይል የሚልክበት ፎልደር ያለበት ሆኖ ተገኘ)። እነዚህን ሁሉ አንድ ሰርቨር ላይ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሰራ፣ አንድ ሰርቨር ውስጥ የሚኖር ኮምፒውተር) አድርጌ አስገባኋቸው፣ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ።

ስለ ቨርቹዋላይዜሽን የሚወራው አብዛኛው ስለ ኢንስቶል አደራረግ ነው፣ እሱ እኮ ቀላሉ ነው፣ ከፍላሽ ቡት ታደርጋላችሁ፣ ዲስክ ትመርጣላችሁ፣ አይፒና ፓስዎርድ ትሰጣላችሁ፣ አለቀ። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ማሽኖቹ ለየብቻ በነበሩ ጊዜ አንዱ ሲሞት ሶስቱ ይሰሩ ነበር፣ አሁን ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ታዲያ ሳጥኑ ጠፍቶ ሲነሳ ማን ቀድሞ ይነሳል፣ ማን ማንን ይጠብቃል፣ ጭራሽ ካልተነሳስ? እኔ እያንዳንዷን ውሳኔ በዚህ ጥያቄ ነው የመዘንኳት።

ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያሰራው ሶፍትዌር) ምርጫ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ድሮ ቢሆን አይኔን ጨፍኜ ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ነበር የምለው፣ ግን ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ በ2024 መጀመሪያ ላይ ነፃውን ስሪት አነሳው፣ በ2025 ደግሞ መልሶ ለቀቀው፣ እንዲህ በሚወላውል ነገር ላይ የሰው ቢሮ አላቆምም። ሃይፐር-ቪም ጥሩ ነው፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ለኖረ ሰው ምናልባት እሱ ይቀለዋል፣ ለብቻው በነፃ ይሰጥ የነበረው ሃይፐር-ቪ ሰርቨር ግን 2019 የሚለው ስሪት ላይ ቆሟል። እኔ ፕሮክስሞክስን ያዝኩ። ከስሩ ዴቢያን ሊኑክስ ነው፣ ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን በኬቪኤም፣ ቀለል ያለ ኮንቴይነር በኤልኤክስሲ ያሰራል፣ ባክአፑም፣ ዜድኤፍኤስ የሚባለው የዲስክ አያያዝ ስርአትም ውስጡ አለ፣ ሁሉንም በብራውዘር በፖርት 8006 ገብታችሁ ታዙታላችሁ። ሳብስክሪፕሽን ካልገዛችሁ በገባችሁ ቁጥር አንድ ማስታወሻ ብቅ ይላል፣ ኦኬ ብሎ ማለፍ ነው፣ አፕዴት የሚወርድበትን ሪፖዚተሪ ግን ከኢንተርፕራይዙ ወደ ኖ-ሳብስክሪፕሽኑ ካልቀየራችሁት አፕዴት አይመጣላችሁም።

ከዛ በፊት ግን ላይሰንሱን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ፣ የሰርቨሩ ኮሮች በሙሉ ላይሰንስ ከተደረጉ (ዝቅተኛው 16 ኮር ነው፣ 8 ብቻ ቢኖራችሁም የ16 ነው የምትገዙት) ሁለት ቨርቹዋል ዊንዶውስ የማሰራት መብት ይሰጣል፣ ሃይፐርቫይዘሩ የማንም ይሁን የማን። ሁለት ብቻ። ስለዚህ አራቱን ማሽን አራት ዊንዶውስ ማድረግ ትርጉም የለውም። እኔ ዶሜይን ኮንትሮለሩን ከዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው) እና ከዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮቹ አይፒ የሚያድለው) ጋር ለብቻው አደረግኩት፣ ሂሳቡና የፕሪንተሮቹ ጣጣ ሁለተኛው ዊንዶውስ ላይ ሄዱ፣ ፋይል ሰርቨሩ ደግሞ ዴቢያን ላይ ሳምባ (ሊኑክስ ላይ ሆኖ ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚያጋራ ሶፍትዌር) ሆኖ ዶሜይኑን ጆይን አደረገ፣ ተጠቃሚዎቹ ልዩነቱን እንኳን አላወቁም፣ ያው የድሮው ኤስ ድራይቫቸው ነው የሚታያቸው። ላይሰንስ ለመቆጠብ ብሎ ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ የሂሳብ ሶፍትዌር የሚጭን ሰው አለ፣ እኔ በጭራሽ አልደግፈውም፣ አንድ ቀን ሂሳቡን ሪስቶር ላድርግ ስትሉ የሰዉን ሁሉ ፓስዎርድ አብራችሁ ወደ ትናንት ትመልሱታላችሁ።

ሃርድዌሩ ላይ ሰው ስለ ሲፒዩ ይጨነቃል፣ ለእንደዚህ አይነት ቢሮ ሲፒዩ ብዙውን ጊዜ እያንቀላፋ ነው የሚውለው፣ ቀድሞ የሚያልቀው ራም ነው። 64 ጊጋ ኢሲሲ (ስህተቱን ራሱ የሚያርም) ራም አደረግን፣ ለዶሜይን ኮንትሮለሩ 4 ጊጋ፣ ለፋይል ሰርቨሩ 8፣ ለሂሳቡ 16፣ የተረፈው ለሆስቱ (ሁሉንም ለተሸከመው ሰርቨር ራሱ) እና ለነገ። ዜድኤፍኤስ ራም ለካሽ ይወዳል፣ ከፕሮክስሞክስ 8.1 በፊት ሳይነካ ከተተወ እስከ ግማሹ ራም ድረስ ይወስድ ነበር፣ ከ8.1 ወዲህ በአዲስ የሚጫነው ላይ ኢንስቶለሩ ራሱ በ10 ፐርሰንት፣ ቢበዛ በ16 ጊጋ ይገድበዋል፣ ስለዚህ አሮጌ ስሪት ላይ ያላችሁ ሰዎች ራሜ የት ሄደ ብላችሁ ስትፈልጉ እዛ ጋ እዩ። ዲስኮቹ በሚረር (አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ) ሁለት ሁለት ሆነው ነው የገቡት። ሰርቨሩ ሬይድ ካርድ (ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያሳይ) ካለው ዜድኤፍኤስን ከሱ በላይ አትጫኑበት፣ ካርዱን ኤችቢኤ ሞድ ላይ አድርጉትና ዲስኮቹን ቀጥታ ይያቸው። ኤስኤስዲው ደግሞ መብራት ድንገት ሲጠፋ በእጁ ያለውን ፅፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው የሰርቨር አይነት ቢሆን ይመረጣል፣ የላፕቶፑ አይነት ዳታቤዝ ሲፅፍበት በጣም ይንቀራፈፋል፣ ቶሎም ያልቃል።

ባዮስ ውስጥ ሁለት ነገር፦ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው በርቶ እንደሆነ እዩ (ጠፍቶ የሚመጣ ማሽን አለ)፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳ የሚለውንም አብሩት።

ኔትወርኩ ላይ ሆስቱ አንድ ብሪጅ (ቨርቹዋል ማሽኖቹ የሚሰኩበት በሶፍትዌር የተሰራ ስዊች) አለው፣ ቪላን (በአንድ ኬብል ላይ ተለያይተው የሚሄዱ ኔትወርኮች) እንዲያውቅ ተደርጎ፣ ከስዊቹ ሁሉንም ቪላን በሚያሳልፍ ትራንክ ፖርት ይመጣል። ሰርቨሮች በአንድ ቪላን፣ ሰራተኞች በሌላ፣ ፕሪንተሮች ለብቻ፣ የእንግዳ ዋይፋይ ከሁሉም ተነጥሎ። ፋየርዎሉንም ቨርቹዋል ማሽን እናድርገው የሚል ሀሳብ ነበር፣ ይሰራል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እኔ ግን እምቢ አልኩ። ሰርቨሩ ሲሞት ኢንተርኔቱም አብሮ ከሞተ መፍትሄ የምፈልግበትም የለኝ፣ አይኤስኦ የማወርድበትም የለኝ። ራውተሩ በአካል ለብቻው ይኑር። ሆስቱም እንደዛው፣ ቋሚ አይፒ ነው ያለው፣ ከውስጡ ካለው ዲኤችሲፒ አይጠብቅም፣ ዲኤንኤሱም ከራውተሩ ነው፣ ሎግን የሚደረግበትም የራሱ አካውንት ነው። እንግዳው (ቨርቹዋል ማሽኑ) ሳይገባ ቤቱ (ሆስቱ) መቆም አለበት።

አሁን ወደ ስራው። ዶሜይን ኮንትሮለሩን ኮፒ አላደረግኩትም፣ አዲስ ዊንዶውስ ሰርቨር ቨርቹዋል ማሽን ላይ ጭኜ፣ ሁለተኛ ዶሜይን ኮንትሮለር አድርጌ፣ ሪፕሊኬሽኑ (የሁለቱ መረጃ መመሳሰል) ንፁህ መሆኑን አይቼ፣ አምስቱን ሮሎች (እያንዳንዱን አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር ብቻ የሚይዘው ልዩ ስራዎች) አዛውሬ፣ አሮጌውን በስርአቱ ዲሞት አደረግኩት (ከዶሜይን ኮንትሮለርነቱ አወረድኩት)፣ በዚህ ሁሉ መሃል ሰዉ ስራው ላይ ነበር። አዲስ ዊንዶውስ ስትጭኑ ኢንስቶለሩ ዲስክ የለም ሊላችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ የቪርትአይኦ (ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያየው የዲስክና የኔትወርክ ካርድ አይነት) ድራይቨር ያለበትን አይኤስኦ እንደ ሁለተኛ ሲዲ አስገቡና ሎድ ድራይቨር በሉት።

የሂሳቡ ማሽን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሶፍትዌሩን የጫነው ድርጅት የለም፣ ሲዲው የለም፣ ስለዚህ ማሽኑ እንዳለ መወሰድ ነበረበት። የማይክሮሶፍት ዲስክ-ቱ-ቪኤችዲ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ማሽኑ እየሰራ ዲስኩን ወደ አንድ ፋይል ትቀዳዋለች፣ እኔ ግን የዳታቤዙን ሰርቪስ አስቁሜ ነው የቀዳሁት፣ በመሃል እየተፃፈ ያለ ዳታቤዝ መቅዳት አልወድም። ፋይሉን ፕሮክስሞክስ ላይ ኢምፖርት አድርጋችሁ በቀጥታ ቪርትአይኦ ዲስክ ላይ ብታስነሱት ሰማያዊ ስክሪን ነው የምታዩት፣ ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ ይላችኋል፣ ምክንያቱም ያ ዊንዶውስ በህይወቱ ቪርትአይኦ የሚባል ዲስክ አይቶ አያውቅም። መላው ይሄ ነው፦ ዋናውን ዲስክ መጀመሪያ ሳታ አድርጋችሁ አስነሱት፣ አጠገቡ ባዶ የአንድ ጊጋ ዲስክ በቪርትአይኦ ስካዚ ጨምሩለት፣ ዊንዶውሱ ገብቶ ድራይቨሩን ትጭናላችሁ፣ ትንሹን ዲስክ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ሲያየው ማሽኑን ታጠፉታላችሁ፣ ከዛ ዋናውን ዲስክ ወደ ስካዚ ቀይራችሁ ቡት ኦርደሩን አስተካክላችሁ ታስነሱታላችሁ፣ ይነሳል። አሮጌው በባዮስ ይነሳ ከነበረ ቨርቹዋል ማሽኑም በሲባዮስ፣ በዩኢኤፍአይ ከነበረ ደግሞ በኦቪኤምኤፍ መሆን አለበት፣ እዚህ ጋ ካልገጠመ ሰማያዊ ስክሪን እንኳን አታገኙም፣ ጥቁር ነው።

ሌላ ደግሞ፣ የድሮውን አይፒ ልስጠው ስትሉ ይሄ አይፒ በሌላ ካርድ ተይዟል ይላችኋል። የሞተው ማሽን ኔትወርክ ካርድ መንፈሱ ዊንዶውሱ ውስጥ ስላለ ነው፣ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ የተደበቁትን አሳይ ብላችሁ አውጥታችሁ አጥፉት። ከማሽኑ ጋር የመጣ ኦኢኤም ላይሰንስ ደግሞ ከዛ ሃርድዌር ጋር የታሰረ ስለሆነ አብሮ አይመጣም፣ ለዚህም ነው ቅድም ላይሰንሱን ቁጠሩ ያልኩት።

ሰአት የሚባለውን አትናቁት። ኬርቤሮስ (ዶሜይኑ የሰውን ማንነት የሚያረጋግጥበት ስርአት) ሳይነካ እንዳለ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰአት ልዩነት አይታገስም፣ ሰአቱ ከዛ ካለፈ ሰው ሎግን ማድረግ ያቅተዋል፣ ፓስዎርዴ ተቀየረ ብሎ ይደውልላችኋል። ሰአት የሚወስዱት ሆስቱ ከኤንቲፒ (በኔትወርክ ትክክለኛ ሰአት የሚሰጥ)፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩም ራሱ ከኤንቲፒ፣ ሌሎቹ ከዶሜይን ኮንትሮለሩ።

ባክአፕ ላይ ቆየት ልበል። ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ቅፅበት የነበረበት ሁኔታ) ባክአፕ አይደለም፣ እዛው ዲስክ ላይ ነው ያለው፣ አፕዴት ከመጫናችሁ በፊት አንስታችሁ ሰራ ስትሉ የምታጠፉት ነገር ነው። ሚረርም ባክአፕ አይደለም፣ የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ እኩል ነው የሚሰረዘው። ከአሮጌዎቹ ማሽኖች ደህና የሆነውን ወስጄ አዲስ ዲስክ አስገብቼበት ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ጫንኩበት፣ የተቀየረውን ብቻ ስለሚልክና ተመሳሳዩን ደግሞ ስለማያስቀምጥ ቦታ አይበላም፣ ያስቀመጠውንም በየጊዜው ራሱ ይመረምራል። ሆስቱ የሚገባበት አካውንት ባክአፕ መጨመር እንጂ መሰረዝ አይችልም፣ ሆስቱን የሰበረ ሰው ባክአፑን እንዳያጠፋው። አንድ ኮፒ ደግሞ ከቢሮው ውጪ ይቀመጣል።

ሪስቶሩን የሞከርኩት ኬብል የሌለው ባዶ ብሪጅ ሰርቼ ነው፣ ከእውነተኛው ጋር በአይፒ እንዳይጋጭ። የሂሳብ ክፍሏን ኃላፊ ጠርቼ ከባክአፕ የተነሳውን ማሽን ስክሪን አሳየኋት። መነፅሯን አድርጋ እታች ድረስ ወርዳ አየችና «ይሄ የትናንት ማታው ነው፣ ዛሬ ጠዋት ያስገባኋቸው ቫውቸሮች የሉም» አለችኝ። አዎ፣ ባክአፑ ማታ ማታ ነበር። «ታዲያ ከሰአት ላይ ቢበላሽ እኔ ግማሽ ቀን ልደግም ነው?» ኧረ ትክክል ናት። ባክአፑ የሰራ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ ስንት ሰአት ስራ ቢጠፋ ይቻላል የሚለውን ግን የምታውቀው እሷ ናት፣ ሂሳቡ ከዛ ቀን ጀምሮ በየሁለት ሰአቱ ሆነ፣ ፋይል ሰርቨሩ ምሳ ሰአት ላይም።

ከዛ ወደ ዋናው ጥያቄ። ፕሮክስሞክስ ላይ ለእያንዳንዱ ማሽን የአነሳስ ቅደም ተከተልና ከሱ በኋላ ስንት ሰከንድ ይጠበቅ የሚለው ይሰጣል፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩን አንደኛ አድርጌ 120 ሰከንድ ሰጠሁት፣ ቀጥሎ ፋይል፣ ቀጥሎ ሂሳብ፣ ሲጠፉ በተገላቢጦሽ ነው። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከሆስቱ ጋር ተገናኝቶ ኤንዩቲ በሚባለው ሶፍትዌር ይታያል፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሆስቱ ማሽኖቹን በየተራ ያጠፋል፣ ለዚህ እያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ጌስት ኤጀንት (የሆስቱን ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም) ቢኖር ጥሩ ነው። በእረፍት ቀን፣ ባክአፕ ተወስዶ ካለቀ በኋላ፣ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። መጥፋቱ በስርአት ሄደ። ገመዱ ሲመለስ ነው ጉዱ፣ ስዊቹ ከሰርቨሩ ዘግይቶ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ኔትወርክ ሳይኖር ተነሳና ያለበትን ኔትወርክ ፐብሊክ ብሎ መዘገበው፣ ፋየርዎሉም በዛው ተዘጋ፣ ከውጪ ሲታይ ማሽኑ ቆሟል፣ ፒንግ ግን የለም፣ ሎግንም የለም። ለጊዜው ኔትወርክ ካርዱን አጥፍቶ ማብራት ይፈታዋል፣ ለዘለቄታው ግን ሆስቱ ላይ ማሽኖቹን ማስነሳት ከመጀመሩ በፊት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ፣ እስከ 300 ሰከንድ መስጠት ይቻላል፣ ስዊቹ ተነስቶ እስኪረጋጋ የሚበቃውን ሰጠሁት። ስዊቹንና ራውተሩንም ዩፒኤሱ ላይ ሰካኋቸው። ይሄንን ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ አስቤ የማገኘው አይመስለኝም፣ ገመድ ካልተነቀለ አይታይም።

ፓስዎርዶቹና አይፒዎቹ ታትመው በታሸገ ፖስታ የስራ አስኪያጁ ካዝና ውስጥ ናቸው። ፋይል ሰርቨሩ ላይ ባለ ኤክሴል ውስጥ የፋይል ሰርቨሩን ፓስዎርድ ማስቀመጥ ቀልድ ነው፣ ግን በየቢሮው የማየው እሱን ነው።

ሁለተኛ ሰርቨር ገዝተን ክላስተር (አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚረከብበት ቅንጅት) እናድርገው የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር። ሁለት ኖድ (የክላስተሩ ሰርቨር) ብቻ ሲሆን አንዱ ሲወድቅ የቀረው ብቻውን አብላጫ ድምፅ ስለሌለው ማሽን አስነሳ ቢሉት እሺ አይልም፣ ሶስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን መጨመር አለበት፣ ከዛ ስቶሬጁ እንዴት ይመሳሰል የሚለው ይከተላል። ለሃያ ሰው ቢሮ አሁን ይብቃን አልን። በምትኩ የቀሩትን አሮጌ ማሽኖች ራም ሰብስቤ አንዷ ላይ ፕሮክስሞክስ ጭኜ ከባክአፕ ሰርቨሩ ጋር አገናኝቼ አጥፍቼ አስቀመጥኳት። ዋናው ቢሞት እሷን አብርቶ ዶሜይን ኮንትሮለሩንና ሂሳቡን ሪስቶር ማድረግ ይቻላል፣ ሞክሬዋለሁ፣ ቀርፋፋ ናት ግን ታሰራለች። ፋይል ሰርቨሩን ዲስኳ አይችለውም፣ እሱ አዲስ ሰርቨር እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ይሄንንም ስራ አስኪያጁ አውቆ ፈርሞበታል።