በተቻለ መጠን

ዛሬ ያለ ምክንያት የከፋኝ ቀን ነው። ማንም አላስቀየመኝም፣ ሥራም እንደነገሩ ሄዷል። ብቻ ሰው ማናገር አስጠላኝ። መጽሐፍ ገልጬ መልሼ ዘጋሁ፣ ስልኬን በፊቱ ደፋሁት። እንዲህ ሲያደርገኝ እጄ ሥራ ካልያዘ ሐሳቤ የማይገባበት ጉድ የለም። ስለዚህ ማዕድ ቤት ገባሁ።

ሰበቡም አልጠፋም። ቅዳሜ ታናሿ እህቴ ትመጣለች። የእንስሳ ነገር እርግፍ አድርጋ ከተወች ወዲህ ቤቴ ስትመጣ የምሰጣት ጣፋጭ ይጠፋኛል። እሷ ደግሞ ያን ጥርስ ስር ኩርሽም የሚል፣ ሲሪያል ከሚሉት የተነፋ የቁርስ ሩዝ የሚሠራ ጣፋጭ ነፍሷ ነው። ቪጋን፣ ማለትም ከእንስሳ የመጣ ነገር የሌለበት አድርጌ ልሥራላት አልኩ።

አሠራሩ ሲታይ ለልጅም አይከብድም። ቅቤና ማርሽማሎ የሚባለው ለስላሳ ከረሜላ ይቀልጣል፣ ሲሪያሉ ይገባበታል፣ ፓትራ ላይ ተደልድሎ ሲቀዘቅዝ ይቆረጣል። በቃ። ምድጃ ውስጥ እንኳን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ውስጥ ለኬሎግ ኩባንያ ትሠራ የነበረች ሚልድሬድ ዴይ የምትባል ሴት ከባልደረባዋ ጋር ሆና ያወጣችው ነው። ካምፕ ፋየር ገርልስ የሚባል የልጃገረዶች ማኅበር እየሸጠ ገንዘብ እንዲያሰባስብበት ታስቦ ነበር ይባላል። ልጃገረዶች ቶሎ ሠርተው ቶሎ የሚሸጡት ነገር በመሆኑ ነው መሰለኝ እንዲህ የቀለለው።

ችግሩ ማርሽማሎው ነው። ጄላቲን አለበት። ጄላቲን ማለት ከአሳማና ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው። ያ ሲጫኑት መልሶ የሚነፋው ለስላሳነት፣ ሲሞቅ እንደ ክር የሚሳበው ነገር፣ ከዚያ ነው የሚመጣው። የሚገርመው ድሮ እንዲህ አልነበረም። ረግረግ ዳር የሚበቅል የአንድ ተክል ሥር ነበር ሥራውን የሚሠራው። ጣፋጭ ሠሪዎች የሥሩን ዝልግልግ ጭማቂ ከስኳርና ከእንቁላል ነጭ ጋር ይመቱት ነበር። በኋላ ርካሹና ፈጣኑ ጄላቲን መጣና ተክሉ ቀረ።

ቪጋን ማርሽማሎም አለ። እኔ ግን አልወደውም። ድስት ውስጥ እሺ ብሎ አይቀልጥም፤ ተጓጉሎ ከማንኪያው ጋር ይሟገታል። ደግሞስ የተዉትን ነገር መልክ አስመስሎ መሥራት ምን ይሉታል? ትቼው ወደ ሽሮፕ ሄድኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ማር ነበር። ያጣብቃል፣ ይሸታል፣ ቤት ውስጥም አለ። ግን ማር የንብ ነው። ታናሿ በማር ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ሜፕል ሽሮፕ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ውሃው ሲሪያሉን ያልፈሰፍሰዋል። የቀረው ከቡናማ ሩዝ የሚሠራው ወፍራም ሽሮፕ ነው። ሩዝን በሩዝ ማጣበቅ። ይሄ ነገር ብቻውን ትንሽ ፈገግ አሰኘኝ።

ለ6 ኩባያ ሲሪያል 1 ኩባያ ሽሮፕና 1 ኩባያ የለውዝ ቅቤ፣ ትንሽ የኮኮናት ዘይት፣ ቫኒላና ቁንጥር ጨው። ሽሮፑን ለስላሳ እሳት ላይ ጣድኩት። መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ከዚያ ከዳር ዳር ትንንሽ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ አረፋው መሃል ላይ ይገናኝና ከባድ ሆኖ ይንተከተካል። እዚህ ላይ ነው መንቃት። ብዙ ከቆየ ውሃው ይሄድና ሲበርድ ጥርስ የሚሰብር ይሆናል፤ ቶሎ ከወጣ ደግሞ ጣፋጩ ሲቆረጥ ይበታተናል። በቀዝቃዛ ውሃ አንድ ጠብታ ጣል አድርጎ በጣት መንካት ነው። ለስላሳ ኳስ ከሆነ ደርሷል፤ ቴርሞሜትር ላለው 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማለት ነው። አወረድኩት፣ የለውዝ ቅቤውን ጨመርኩ፣ ሲሪያሉን ገለበጥኩበት። ትኩሱ ሽሮፕ ሲነካው ቀስ ብሎ ይንጣጣል። ፓትራው ላይ ሲደለደልም በኃይል አይጠቀጠቅም። በመጋገሪያ ወረቀት ዳበስ ዳበስ ነው። ከተጨቆነ አየሩ ይወጣና ኩርሽምታው ይጠፋል።

እስኪበርድ ስጠብቅ የሲሪያሉን ካርቶን አነሳሁ። ምነው ባላነሳሁት። ሩዝ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ብቅል፣ ቫይታሚኖች። ቫይታሚን ዲ3። ዲ3 ብዙውን ጊዜ ከበግ ጸጉር ነው የሚገኘው። ጸጉሩ ላይ ያለው ቅባት ላኖሊን ይባላል፤ እሱ ተጣርቶ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ቫይታሚን ይሆናል። ከእርሾ የሚሠራ ዲ2 አለ፣ ከድንጋይ ሽበት የሚወጣ ዲ3ም አለ። ካርቶኑ ግን ዲ3 ብሎ ዝም።

በጉን ሳልጨርስ ስኳሩ መጣ። አንዳንድ ፋብሪካዎች የአገዳ ስኳርን የሚያነጡት ከከብት አጥንት በተሠራ ከሰል አጣርተው ነው። ከሰሉ ቀለሙን ይመጥና እዚያው ይቀራል፤ ስኳሩ ውስጥ አይገባም። ታዲያ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ጥቅሉ ላይም አይጻፍ ነገር። የመድኃኒት እንክብል ሽፋን ራሱ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው። የታመመ ሰው ምን ሊያደርግ ነው?

ይሄኔ የቪጋን ማኅበሩ ትርጉም ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1944 እነ ዶናልድ ዋትሰን እንግሊዝ ውስጥ ያቋቋሙት ነው። የዛሬው ትርጉማቸው እንስሳን ከመበዝበዝ መራቅን ይናገርና አንድ ነገር ያክልበታል፤ በተቻለና በተግባር ሊሆን በሚችል መጠን። ብልሆች ናቸው። ያቺ ነገር ባትኖር ማን ቪጋን ይሆን ነበር?

ግን የተቻለውን የሚለካው ማነው? ማንም የለም። ራስህ ነህ ለኪውም ተለኪውም። ታናሿ ይሄን ሥልጣን ስትይዝ ራሷ ላይ ትጠብቃለች። የማታውቀው ቤት ስትጋበዝ ሳይቀር በትሕትና ጠይቃ ነው የምትበላው። እኔ ስይዘውስ? እማ «መቼ ነው ብቅ የምትይው?» ስትለኝ «በተቻለ መጠን ቶሎ» እላታለሁ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ሲመችሽ» ትለኛለች። ሲመቸኝ! ይመቸኛል እኮ። አሁን ለምሳሌ የበግ ጸጉር የሚመረምር ሰው ጊዜ ሞልቶታል። በጊዜ እተኛለሁ ብዬም ቃል የገባሁት በተቻለ መጠን ነው፣ ያንን ወረቀት የምጨርሰውም በተቻለ መጠን። ታናሿ ያቺን ቃል እስከምትደርስበት ድረስ ለመሄድ ትጠቀምባታለች። እኔ ከበር ሳልወጣ።

ደግሞ ይሄ ነገር ዛሬ ብቻ አይደለም። እማ እየሰማችኝ እንደማልመጣ እያወቀች ነው «ሲመችሽ» የምትለው ወይስ እውነት ታምነኛለች? የትኛው እንደሚሻለኝ እንኳን እኔ አላውቅም።

ስልኬን አነሳሁና ለታናሿ ደወልኩ።

«ስሚ፣ ሲሪያሉ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ከበግ ሊሆን ይችላል። ትበያለሽ?»

«በዚህ ሰዓት የደወልሽው ለዚህ ነው?»

«መልሺልኝ።»

«ከሠራሽው ወዲያ እንዴት እጥለዋለሁ? እበላዋለሁ። ሲያልቅ ዲ3 የሌለበት እንገዛለን። ይልቅ እማን አናገርሻት?»

ስለ ሽሮፑ አወራኋት። እንዴት እንደተንተከተከ፣ ጠብታውን በጣቴ እንዴት እንደለካሁት፣ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ቅዳሜ እንገናኝ» ብላ ዘጋች።

እኔ የቫኒላውን ጠርሙስ አዙሬ ጀርባውን ማንበብ ቀጠልኩ። ፊደሉ ከማነሱ የተነሣ መነጽር ፍለጋ ተነሳሁ። ታናሿ ያልጠየቀችኝን አንድ ነገር እዚህ ልጻፈው፦ እራቴ እንቁላል ነበር። በቅቤ የተጠበሰ።