ለኬሚስትሪ ኢንተርቪው ከንፍሮው ጀምሩ

ከደሴም ሆነ ከወልድያ ውጭ አገር ኬሚስትሪ ለመማር አመልክታችሁ ለኢንተርቪው የተጠራችሁ ልጆች፣ የ12ኛ ክፍልን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ለመሸምደድ አትቸኩሉ። እንደ ኦክስፎርድ ያሉት ማየት የሚፈልጉት የምታውቁትን ይዛችሁ ወደማታውቁት ጥያቄ እንዴት እንደምትገቡ ነው። እኛ ዘንድ ተማሪ እርግጠኛ ካልሆነ አይናገርም፤ ጨዋነትም ነው። እዚያ ግን ዝም ካላችሁ ጠያቂው የሚመዝነው ነገር ያጣል።

ልምምዱን ቤት ካለው ነገር ጀምሩት። ንፍሮ ደሴ ላይ እንደ ኮምቦልቻ ቶሎ የማይበስለው ለምንድን ነው? ብዙው ተማሪ «ደጋ ስለሆነ» ብሎ ያቆማል። መልሱ ግን ገና መጀመሩ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከከባቢው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጦሳ ግርጌ ባለችው ደሴ ወደ 75 ይወርዳል፤ ውሃውም 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ 94 አካባቢ ነው። ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ባቄላውን የሚያለሰልሰው ለውጥ ደግሞ ሙቀት ባነሰ ቁጥር ይዘገያል።

ጠያቂው ቀጥሎ «ጨው ብንጨምርበትስ?» ቢል አስሉት። በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው 0.17 ሞል (የቅንጣት ብዛት መለኪያ) ነው፤ ሶዲየሙና ክሎራይዱ ሲለያዩ 0.34 ይሆናል፤ ይህ በ0.51 (አንድ ሞል ቅንጣት የውሃን መፍያ ሙቀት በሚጨምርበት መጠን) ሲባዛ፣ መፍያው ከፍ የሚለው በ0.17 ዲግሪ ገደማ ነው። ለንፍሮው የሚፈይደው የለም። ጨው ለሁለት መከፈሉን የረሳ ግማሹን ብቻ ያገኛል፤ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሽምደዳ የሚከዳው እንዲህ ነው፦ «አዮናይዜሽን ኢነርጂ (ከአቶም ኤሌክትሮን ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል) በፔሪዮዲክ ቴብል ከግራ ወደ ቀኝ ይጨምራል» ብሎ የያዘ ልጅ ናይትሮጅን 1,402፣ በስተቀኙ ያለው ኦክስጅን ግን 1,314 ኪሎጁል በሞል መሆኑን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ኦክስጅን ላይ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ኦርቢታል (በአቶም ውስጥ ኤሌክትሮን የሚገኝበት ክልል) ውስጥ ተጣምረው ስለሚገፋፉ አንዱን ማውጣት ይቀላል።

በየቀኑ 20 ደቂቃ ጓደኛችሁን አስቀምጣችሁ ድምፅ አውጥታችሁ በእንግሊዝኛ አስረዱ። የእሱ ሥራ ደጋግሞ «ለምን?» ማለት ብቻ ነው። ስትሳሳቱ «ቅድም ያልኩት አያስኬድም፣ ምክንያቱም…» ብላችሁ አርሙ። ይህ ነጥብ አያስቀንስም፤ እንዲያውም ጠያቂው የሚጠብቀው እሱን ነው።

ኢንተርቪው በኦንላይን ከሆነ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት ቢጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋልና የስልክ ዳታ አዘጋጁ። ስዕላችሁ በካሜራ እንዲታይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ። ሰዓቱንም አጣሩ፦ በታኅሣሥ የእንግሊዝ 10:00 ጠዋት ማለት በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። «10 ሰዓት» ብሎ እስከ ማምሻው የጠበቀ ልጅ ኢንተርቪው ካለፈው 3 ሰዓት ሆኖታል።