የሚዜው አንገት

አክስቴ ፍኖተ ሰላም ላይ ልጇን ስትድር ሚዜ ነበርኩ። ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ጀማምሯል። ዳሱ የተጣለው ከጎመን መደቧ አጠገብ ነው። አምፖሉ ሲበራ ያድራል፣ የሚበር ነገር ሁሉ ሳይጠራ ይታደማል።

አርብ ማታ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እልጣለሁ። አክስቴ በድንገት "ዝም በል ልጀ፣ እንዳትንቀሳቀስ!" አለችና አንገቴን በጥፊ አጮለችው። መዳፏ ላይ የቀረው ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ደረቱ ብርቱካንማ፣ ወገቡ ላይ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ። ደግ ናትና በነጠላዋ ጫፍ አንገቴን እስከ ታች ጠራረገችልኝ።

ያን ሌሊት ሰላም ነበርኩ። ቅዳሜ ማታ ማቃጠል ጀመረኝ። እሑድ ጠዋት ከጆሮዬ ሥር እስከ ኮሌታዬ፣ ልክ ነጠላው ባለፈበት መስመር፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ተሰልፏል።

"ኧረ ሚዜው ምን ነካው?"

አንዷ አልማዝ ባለጭራ ነው አለች። ሌላዋ ሸረሪት ሸንቶበት ነው። ምች ነው ያሉት ደግሞ ዳማከሴ ቀጥፈው መጡ። አንድ ሽማግሌ አረቄ አዘዙልኝ፤ የሚቀባ ይሁን የሚጠጣ አላብራሩም። ለጥንቃቄ ጠጣሁት።

በመጨረሻ የአክስቴ ታላቅ ልጅ መጣ። የግብርና ባለሙያ ነው። ኮሌታዬን ገለጥ አድርጎ አየና ሳቀ። ከዳሱ ቋሚ ላይ አንዱን አሳየኝ። በእንጨት ነካ ሲያደርገው ጭራውን ሽቅብ ቀሰረ።

"ለማስፈራራት ነው እንጂ አይናደፍም፣ አይነክስም። ጥንዚዛ ነው፤ እነዚያ አጫጭር ሽፋኖች ሥር ክንፉን አጣጥፎ ይዞታል። መርዙ ያለው ሰውነቱ ውስጥ ነው። እሱንም የሚሠሩለት አብረውት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በብዛት የሚገኘው ሴቶቹ ላይ ነው። እፍ ብትሉት ይሄድ ነበር! ከተጨፈለቀም ወዲያው በሳሙና መታጠብ ነው።"

የኔ ቁስል ምኑም አይደለም፤ ለጥንዚዛው ነው ያዘነው። "ይኼ እኮ የገበሬ ባለውለታ ነው፣ ክሽክሽ የሚባለውን የአትክልት ተባይ እየለቀመ ይበላል" እያለ ያሞግሰዋል።

አክስቴ ይኼን ጊዜ ጆሮዋን አቆመች።

"ክሽክሽ ይበላል ነው ያልከኝ?"

"አዎ እማ።"

ወደ እኔ ዞረች። "በል ልጀ፣ አንተን እንደሆነ አንዴ ነክቶሃል። ከዳሱ ለቃቅመህ ጎመኔ ላይ አድርግልኝ።"