በሳካርዶ ዘዴ ስፖር መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁም። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ነው። ነጠብጣብ ያለበት የቲማቲም ቅጠል፣ የታመመ ሽንኩርት፣ የሻገተ ዳቦ፣ የበሰበሰ ብርቱካን፣ ያገኘሁትን ሁሉ አያለሁ። ፈንገሶቹን የምመድበው ግን የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ይሠራበት በነበረው ዘዴ ነው። የዛሬው ምደባ በዲኤንኤ ላይ የቆመ ስለሆነ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራ አይደለም። የያኔው የሚጠይቀው ዓይን፣ ብርሃን፣ መለኪያና ትዕግሥት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

የዘዴው ባለቤት ፒየር አንድሬያ ሳካርዶ ይባላል። ጣሊያን ውስጥ በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበር። በእሱ ዘመን ችግሩ የስም መጥፋት ሳይሆን የስም መብዛት ነበር። አንዱ ጀርመን፣ አንዱ ፈረንሳይ፣ ሌላው አሜሪካ ተቀምጦ አዲስ ነው ያለውን ፈንገስ በየመጽሔቱ ያወጣል። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያየውም። በዚህ መሃል አንዱ ፈንገስ ሦስት አራት ስም ይዞ ቁጭ ይላል። ሳካርዶ በ1882 «ሲሎጌ ፉንጎሩም» የተባለውን ሥራ ማሳተም ጀመረ። ሐሳቡ እስከዚያ ድረስ የተገለጸውን ፈንገስ ሁሉ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ በላቲን አንድ ቦታ መሰብሰብ ነበር። በ1920 ሲሞት ገና አላለቀም። ሌሎች ተረክበው ቀጠሉት፤ በ1931 25ኛው ጥራዝ ወጣ።

ይህን ሁሉ ሺህ ፈንገስ ሰበሰብክ እንበል። ታዲያ በምን ቅደም ተከተል ታስቀምጠዋለህ? አንባቢው የያዘውን ፈንገስ እንዴት ፈልጎ ያገኘዋል? ሳካርዶ የመረጠው ስፖርን፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበትን በዓይን የማይታይ ዘር መሰል ነገር ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ትጠይቃላችሁ። ቀለም አለው ወይስ የለውም? ቅርጹና የውስጥ ግድግዳው እንዴት ነው?

ቀለም የሌለው ከሆነ «ሃያሎ»፣ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ «ፌዮ» ይባላል። ከዚያ ወደ ቅርጹ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ያለው አሜሮስፖር፣ በአንድ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ዲዲሞስፖር ነው። አግድም ግድግዳዎች ያሉት ፍራግሞስፖር፣ አግድምም ቁመትም ያለው ደግሞ ዲክቲዮስፖር ይባላል። ቀጭን ክር የሚመስለው ስኮሌኮስፖር፣ የተጠቀለለው ሄሊኮስፖር፣ እንደ ኮከብ ክንድ ያወጣው ስታውሮስፖር ነው። በቃ። ይህን በአንድ ወረቀት ጽፌ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ላሳያችሁ። ቲማቲም የሚተክል ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሽታ አለ። ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ነጠብጣቡ ውስጥ ክብ በክብ የተደራረቡ መስመሮች ይታያሉ፤ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቅጠል ቆርጬ እርጥብ ሶፍት ላይ አስቀምጬ በክዳን ዕቃ ውስጥ አሳደርኩት። እርጥበቱ ስፖር እንዲያወጣ ይገፋፋዋል። ጠዋት ላይ ነጠብጣቡን በስኮች ቴፕ ጫን ብዬ አነሳሁትና ስላይድ ላይ ባለች ጠብታ ውሃ ላይ ለጠፍኩት። በ100 እጥፍ ፈልጌ በ400 እጥፍ አየሁት።

ስፖሮቹ ትልልቅ ናቸው። ቀለማቸው ወርቃማ ቡናማ ነው። አንዱ ጫፍ ወፈር ይላል፤ ሌላው እየቀጠነ ሄዶ ረጅም ጅራት ይሆናል። ጅራቱን ጨምሮ ርዝመቱ ከ150 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያልፋል። ፎከሱን ቀስ እያልኩ ሳዞረው መጀመሪያ አግድም ግድግዳዎቹ ወጡ። ትንሽ ቆይቶ እነሱን የሚያቋርጡ አንድ ሁለት የቁመት ግድግዳዎች ታዩ። በአንድ የፎከስ ደረጃ ብቻ አይታችሁ ብትተዉት የቁመቶቹ ያመልጧችኋል፤ ስለዚህ ማዞሪያው ላይ እጃችሁን አታንሱ። ቀለም አለው፣ አግድምም ቁመትም ግድግዳ አለው፤ ስለዚህ ፌዮ ዲክቲዮስፖር ነው። ጅራቱ ሲጨመርበት አልተርናሪያ የተባለው ጂነስ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ላይ ያደርሳል።

የስሙ ታሪክም ደስ ይላል። ኤሊስና ማርቲን የተባሉ አሜሪካውያን በ1882 ከድንች ቅጠል ላይ ወስደው ማክሮስፖሪየም ሶላኒ ብለው ሰየሙት። በ1890ዎቹ ወደ አልተርናሪያ ተዛወረ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበረ ሰው የእኔን ቲማቲም ቢያይ ያለ ጥርጥር አልተርናሪያ ሶላኒ ይለው ነበር። ዛሬ ግን ቲማቲም ላይ የሚገኘውን ለይተው አልተርናሪያ ሊናሪዬ ይሉታል። የእኔ ማይክሮስኮፕ እስከ አልተርናሪያ ድረስ ያደርሰኛል። ከዚያ በኋላ ያለው የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

የዘዴው ድካምም እዚሁ ላይ ነው። መልክን እንጂ ዝምድናን አያይም። አንዳንድ ፈንገስ በሕይወቱ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ፆታዊ፣ ሌላው ኢ-ፆታዊ። ሁለቱ አይመሳሰሉም። ብዙ ጊዜ የሚወጡትም በተለያየ ወቅት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሁለት ስም ያወጡለታል። የስንዴን ዛላ የሚያበላሸው ፈንገስ በአንድ መልኩ ፉሳሪየም፣ በሌላው ጊቤሬላ ይባል ነበር። ፆታዊ መልካቸው ያልታወቀላቸው ደግሞ «ያልተሟሉ ፈንገሶች» ተብለው ለብቻቸው ተቀመጡ። በ1910 ብራስልስ ላይ የተሰበሰቡት የዕፅዋት ሊቃውንት ችግሩን ሕግ ሊያበጁለት ሞከሩ። ዋናው ስም የፆታዊው መልክ ይሁን፣ ሌላውም የራሱን ስም ይዞ መቆየት ይችላል አሉ። በእኔ አስተያየት ለዚያን ጊዜ ብልህ ውሳኔ ነበር። ሁለቱ መልኮች አንድ መሆናቸው ሳይረጋገጥ ስም ከመደባለቅ ይሻላል። ሁለት ስም መስጠት የቀረው በ2011 ሜልቦርን ላይ ነው። መቶ ዓመት ቆየ ማለት ነው!

ፉሳሪየምን ካነሳሁ ጀርመናዊውን የፈንገስ ተመራማሪ ዎለንቬበርን ሳልጠቅስ አላልፍም። እሱና ሬይንኪንግ በ1935 ባወጡት ሥራ አንድ ሺህ ገደማ የሚሆን የተከማቸ ስም አበጥረው 65 ዝርያ አስቀሩ። ይህ የሆነው በብዛት ስላሳደጓቸውና ስላነጻጸሯቸው ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ቶም ፔኒሲሊየም የተባለውን የሻጋታ ጂነስ ያጠናውም በዚሁ መንገድ ነው። ሻጋታ በምግቡና በሙቀቱ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ዓይነት ምግብ ላይ ካላደገ ማወዳደር አይቻልም ብሎ በ1910 ትልቅ ጥናት አወጣ። የሻገተ ብርቱካንና የሻገተ ዳቦ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «ይሄ ያኛው ነው» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

አሁን ደግሞ ከፈንገሱ ስም ቀጥለው ስለሚጻፉት የሰያሚዎቹ ስሞች። ሲንሲናቲ ይኖር የነበረው ከርቲስ ጌትስ ሎይድ ይህን ልማድ አጥብቆ ይቃወም ነበር። ሰዎች ስማቸው እንዲጻፍላቸው ብለው አዲስ ዝርያ ይፈጥራሉ ይል ነበር። ማክጊንቲ የሚባል ፕሮፌሰር ከራሱ ፈጥሮ በእሱ ስም እስከ መጻፍ ደርሷል። ቅሬታው እውነት አለው። እኔ ግን አልስማማም፤ ለተማሪ እነዚያ ስሞች መንገድ ጠቋሚ ናቸው።

ቼስትነት የተባለውን ዛፍ የሚያደርቀውን ፈንገስ፣ ክሪፎኔክትሪያ ፓራሲቲካን ተመልከቱ። ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ መሪል፣ ከቅንፉ ውጭ ባር ይላል። በቅንፍ ያለው መጀመሪያ የሰየመው ነው፤ ከውጭ ያለው ወደ አሁኑ ጂነስ ያዛወረው። በ1904 ኒው ዮርክ ብሮንክስ የአራዊት ማቆያ ውስጥ ቼስትነት የተባሉት ዛፎች መድረቅ ጀመሩ። አጠገቡ ባለው የኒው ዮርክ የዕፅዋት ማዕከል ይሠራ የነበረው ዊሊያም መሪል መረመራቸውና በ1906 ዲያፖርቴ ፓራሲቲካ ብሎ ሰየመው። በ1912 ወደ ኤንዶቲያ ተዛወረ። በ1978 ባር የዛሬውን ጂነስ ሰጠችው።

በዚያን ጊዜ የተነሳው ክርክር ለምደባ ያለኝን ግምት ከፍ አድርጎታል። አንዳንዶች ይህ ድሮም አሜሪካ ውስጥ የነበረ ፈንገስ ነው አሉ። ሌሎች የለም፣ ከውጭ የገባ ነው አሉ። መልሱ በስፖርና በቅርፊት ላይ ባሉት ጥቃቅን ልዩነቶች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ1913 ፍራንክ ሜየር የተባለ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ዕፅዋት ሰብሳቢ ቻይና ውስጥ በቼስትነት ዛፎች ላይ አገኘው። ከውጭ የገባ መሆኑ ታወቀ። ለዛፎቹ ግን ረፍዶ ነበር፤ በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት የሞቱት ከሦስት ቢሊዮን እንደሚበልጡ ይገመታል።

ቀጣዩ ዕቅዴ የስንዴ ግንደ ዋግ ነው። ሰብሉ አረንጓዴ ሳለ የሚወጣው ቀይ ቡናማ ዱቄት ባለ አንድ ክፍል ስፖር ነው። ሲደርስ የሚወጣው ጥቁሩ ለሁለት የተከፈለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ እግር ያለው ስፖር ነው። ሁለቱንም ከአንድ አገዳ ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ስንዴ በሚበቅልበት አካባቢ ያላችሁና ማይክሮስኮፕ የምታገኙ ካላችሁ፣ አጨዳ ሊደርስ ሲል አገዳው ላይ የተሰነጠቀ ጥቁር መስመር ፈልጉ። በመርፌ ጫፍ ትንሽ ፍቃችሁ በውሃ ጠብታ ላይ አድርጉት። ፎቶ ስታነሱ በስንት እጥፍ እንዳያችሁት መጻፍ አትርሱ፤ ያለዚያ መጠኑን ማወዳደር አንችልም።