ጎራዴው የዓድዋ አይደለም

ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቅድመ አያት ጎራዴ ካለ፣ «ላስመዝግበው» ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

በእኛ ቤት ወሬ ጎራዴው የዓድዋ ነው። ቅድመ አያታችን ፈረስ ላይ ሆነው ጣልያንን የቆራረጡበት። ሠርግ ቤት ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ይወራል። እኔ ደግሞ ስለ ሰውየው ማወቅ ፈለግኩ። የት ዘመቱ? የማን ወታደር ነበሩ?

ብረቱን ማንበብ ቀላል ነው። ከአፎቱ መዝዞ፣ መስኮት ጋ ወስዶ በስልክ ፎቶ ማንሳት ብቻ። በእኛው ላይ አንበሳ ተቀርጿል፣ ከሥሩም «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ይላል። እጀታው አጠገብ በላቲን ፊደል «ዞሊንገን» የሚል አለ። በስለት ሥራ የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ተፈሪ ያኔ የ3 ዓመት ሕፃን ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። ለዚህ ሂሳብ ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ሰውየውን ያገኘኋቸው ደብረ ብርሃን ያሉት የአያቴ ታናሽ እህት ዘንድ ነው። ከመነኮሱ ቆይተዋል። ጎራዴውን ሲያዩ አፎቱን ገልብጠው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቀዩ ቆዳ እዚያ ጋ ተልጦ ነጭ ሆኗል። «ይኸው፣ ኮርቻው የበላው ነው» አሉኝ። እኛ አገር ጎራዴ በቀኝ ጎን ነው የሚታጠቁት። ሲጋልቡ ያ ጎኑ ይፈተጋል።

«ዓድዋ የዘመቱትማ የአባባ አባት ናቸው። አባባ ክብር ዘበኛ ነበሩ። ማይጨው በዳማ ፈረስ ሄደው በእግራቸው መጡ።»

ስለ ውጊያው አያወሩም ነበር አሉ። ስለ ፈረሱ ግን ያወሩ ነበር። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ነው። ክብር ዘበኛ የገባበት ከባድ ውጊያ። ጦሩ ወደ አሸንጌ ሐይቅ ሲያፈገፍግ የጣልያን አውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ አወረደበት። ዳማው የቀረው እዚያ ነው። የአባትና የልጅ ታሪክ በእኛ ቤት አንድ ሰው ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። ያሸነፈው ዘመቻ ያልቀናውን ዋጠው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግል እጅ ያለ ቅርስ ይመዝገብ ይላል። ሕግ አክባሪ ነኝና ጎራዴውን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። በር ላይ ጥበቃው ነጠላውን ገለጥ አደረገ።

«ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ላስመዘግበው ነው የመጣሁት።»

«የፈቃድ ደብዳቤ አለህ?»

«ደብዳቤውን የሚሰጡት እኮ እዚሁ ናቸው።»

«እንግዲያው ደብዳቤውን ይዘህ ና።»

ጎራዴውን እዚያው አስቀምጬ ገባሁ። ውስጥ ያለችው ልጅ ደግሞ «ዕቃውን ሳናይ ደብዳቤ አንሰጥም» አለችኝ። ወጣሁ። ጥበቃዎቹ ጎራዴውን መዝዘው ተራ በተራ ሰልፊ እየተነሱ ነው። አንዱማ ፎክሯል። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው፣ ምሳ ላይ ነው፣ መስክ ላይ ነው ሲባል ከርሞ በመጨረሻ የጥበቃ ቤቷ ድረስ ወረደልኝ። ብረቱን በቅጡ አላየውም። እጀታውን ያዘና «የአውራሪስ ቀንድ!» አለ። ቅጹ ላይ ቁጭ አደረገው፦ «የዓድዋ ዘመን ጎራዴ»።

«ጌታዬ፣ ጽሑፉን ያንብቡት እስቲ። ኃይለ ሥላሴ ይላል።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ዓድዋ ይሆናል?»

«ወንድሜ፣ ዓድዋ ይሁንልህ! ምን ጎደለብህ? ማይጨውን ማን ይጠይቃል?»

ማኅተሙን ዱብ አደረገበት። ይህችን አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የአሸንጌን ጋዝ ያለፈ ሰው፣ በታሪክ የተመዘገበ ቀን ያለው ዘመቻ፣ በአንድ ማኅተም ተሰረዘ። ያውም እንደ ውለታ ተቆጥሮ!

እንዲታረም ማመልከቻ አስገባሁ። «የወራሾች ሁሉ ስምምነት አምጣ» ተባልኩ። ወራሾቹ ደግሞ ወረቀቱን ወደውታል። አጎቴ በመስታወት አስገጥመው ሳሎን ሰቅለውታል። «አንተ ከመንግሥት ትበልጣለህ?» ይሉኛል፣ ለእንግዳ ሁሉ እያነበቡ።

ቢሮዎቹ «ዕቃውን አምጡና እኛ እንለየዋለን» ይላሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን እላለሁ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ጠይቁና ድምፃቸውን ቅዱ። ብረት ይቆያል፣ ሰው ግን አይቆይም። ከዚያ ፎቶና የራሳችሁን አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ። ቅጹ ጮክ ተብሎ ሳይነበብላችሁ ማኅተም እንዳይነካው።

ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግ ሰው ካለ እጁን ያዙት። ቅርጹ ከጠፋ ያነበብኩትን የሚያነብ የለም። ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ይበቃዋል። አፎቱ ውስጥም ከርሞ አይቀመጥ፣ ቆዳው እርጥበት ይዞ ያዝገዋል። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ «ላክልኝ» ይላል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር አይወጣም። ቢወጣ እንኳ የአውራሪስ ቀንድ በሳይተስ (ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ነው፣ እዚያ ሲደርስ ይወረስበታል። አርፎ ይቀመጥ ብየዋለሁ።

አሁን እጀታው ላይ በክር ያሰርኩት ካርቶን አለ፦ «ክብር ዘበኛ፣ ፈረሰኛ፣ ማይጨው፣ 1928»። አጎቴ እንግዳ ሲመጣ ይፈቱታል። እኔ እንግዳው ሲሄድ መልሼ አስረዋለሁ።