«ጥሌ» የሚለው ስሜ በሌሎች አንደበት

ቤተሰቦቼና ጓደኞቼ ጥላሁን የሚለውን ስሜን አሳጥረው ጥሌ ይሉኛል። ሐዋሳ ውስጥ በቡና ንግድ ከተሰማራሁ ወዲህ ይህ አጭር ስም በየዕለቱ ከአርሶ አደሩ፣ ከሾፌሩና ከውጭ አገር ገዢው ጋር የምተዋወቅበት ሆኗል። ረጅም ስም አንድ ድምፅ ቢጎድልበት በቀረው ይታወቃል፤ ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ስም ግን አንዱ ድምፅ ሲበላሽ የሌላ ሰው ስም ይሆናል። በመልካም ግንኙነት የተጀመረ ሥራ በስልክ «ማን ልበል?» ላይ እየተደናቀፈ ሲያስቸግረኝ፣ ስሙ በየቋንቋው እንዴት እንደሚነበብና እንደሚሰማ በቅጡ ለማጥናት ወሰንኩ።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ምን እንደያዘ መረመርኩ። «ጥ» ጉሮሮ ተዘግቶ በግፊት የሚወጣ ድምፅ ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛም ሆነ ጃፓንኛ ከ«ት» የሚለየው ድምፅ አድርገው አያውቁትም። ቀጥሎ ያለው ሳድስ አናባቢ ለእኛ ከምንም የቀለለ ሲሆን፣ አምስት አናባቢዎች ብቻ ባሏቸው በሲዳሙ አፎና በአፋን ኦሮሞ ግን ቦታ የለውም። በመጨረሻም፣ በእኛ ቤት «ሌ» ጠብቃ ነው የምትነገረው፤ ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ይሁን ወይም «እስካሁን ያልደረሰ» ማለት ይሁን ከዓረፍተ ነገሩ እንረዳለን፤ ብቻውን ተጽፎ የሚላክ ስም ግን የሚያግዘው ዓረፍተ ነገር የለውም።

ከባዱ ሥራ በላቲን ፊደል መጻፉ ነበር። ቲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኢ ብሎ የጻፈ ሰው እንግሊዝኛ አንባቢ ፊት ያቀረበው ለወለል የሚነጠፈውን «ታይል» ነው፤ በእንግሊዝኛ በቃል መጨረሻ ያለች ኢ ብዙውን ጊዜ ራሷ አትነበብም፣ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ግን ትለውጣለች። ጣልያናዊ ግን ያንኑ ጽሑፍ «ቲሌ» ብሎ ያነበዋል፤ ኤልን ደግመን ብንጽፍለት ደግሞ በትክክል አጥብቆ ይለዋል፤ ምክንያቱም በቋንቋው ላልቶ የሚነገረው «ኖኖ» ዘጠነኛ፣ ጠብቆ የሚነገረው «ኖኖ» አያት ስለሆነ ጆሮው ልዩነቱን ለምዶታል። ይህን ሳይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም ድርብ ኤል በስፓንኛ ወደ «ይ» የቀረበ ድምፅ ስለሆነ ስሙ «ቲዬ» ይሆናል፣ በፈረንሳይኛ ደግሞ ከአይ ቀጥሎ የሚመጣ ድርብ ኤል እንደየቃሉ አንዴ «ል»፣ አንዴ «ይ» ሆኖ ይነበባል። ለሁሉም የሚስማማ አጻጻፍ እንደሌለ የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የማውቃቸውን ሰዎች በሁለት መንገድ መጠየቅ ጀመርኩ። ለአንዳንዱ ስሙን ሳልናገር ጽሑፉን ብቻ አሳይቼ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ፣ ለሌላው ጽሑፉን ሳላሳይ በስልክ ነግሬ እንዲጽፍልኝ ለመንኩ። ሁለቱ የሚሰጡት መልስ በጣም የተለያየ ስለሆነ አንዱን ብቻ መሞከር ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። የጃፓን ገዢዎች ለምሳሌ ጽሑፉን አይተው ብዙም አይቸገሩም፤ ሰምተው ሲጽፉ ግን ቋንቋቸው «ለ»ንና «ረ»ን ስለማይለይ «ቲሬ» ይመጣል። የሳዑዲ ዓረቢያ ደንበኞች ደግሞ ለ«ጥ» ወፍራሙን ጠ ስለሚጠቀሙ መነሻው ላይ ከማንም በላይ ይቀርባሉ፤ መደበኛው ዓረብኛ ለ«ኤ» የራሱ ፊደል ስለሌለው ግን መጨረሻው «ሊ» ይሆናል።

ከሁሉም ትምህርት ያገኘሁት በአለታ ወንዶ በኩል ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። የርክክቡን መዝገብ የያዙት አዛውንት ብዕራቸውን አንስተው፣ «ልጄ፣ ስምህን ማን ልበል?» አሉኝ።

«ጥሌ በሉኝ፣ አባቴ።»

ለአፍታም ሳያመነቱ ኤክስ፣ አይ፣ ሁለት ኤል፣ ኢ ጻፉና «ጢሌ» ብለው መልሰው አነበቡልኝ። ከምን እንደተቆረጠ ጠየቁኝ፤ ከጥላሁን ነው ስላቸው፣ «መልካም ነው፤ ቡናም ጥላ ይወዳል» አሉኝና ወደ ሚዛኑ ዞሩ። እኔ ግን ዓይኔን ከመዝገቡ ላይ መንቀል አልቻልኩም። በሲዳሙ አፎ አጻጻፍ፣ እንደ ቁቤው ሁሉ፣ ኤክስ «ጥ»ን ይወክላል፤ የሚጠብቅ ድምፅም ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል። ለውጭ ሰው ላስረዳ ስደክምበት የነበረው ጉሮሮ የሚዘጋው ድምፅም፣ የ«ሌ» መጥበቅም በአንድ መስመር ላይ በግልጽ ሰፍረው ነበር። የተለወጠው ሳድሱ ብቻ ነው፤ እሱ ቢለወጥ ስሜ ስሜ መሆኑን አያጣም።

ይህ አጻጻፍ ግን ከአገር ሲወጣ አይሠራም። እንግሊዝኛ አንባቢ በቃል መነሻ ላይ ያለችን ኤክስ «ዝ» ይላታል። ቻይንኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ደግሞ ወደ «ሽ» ስለሚያስጠጋት ስሙ «ሺለ» ይሆናል፤ እሱም እንደ ድምፁ ከፍታና ዝቅታ «ደስታ» ወይም «ታጠበ» ማለት ሊሆን ይችላል።

ትርጉምን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም የሚል አቋም ይዣለሁ። «ቲል» በህንድኛ ሰሊጥ ነው፤ ይህን የነገረኝ ነጋዴ ስሜን የያዘው በዚያው ስለሆነ ጠቀመኝ እንጂ አልጎዳኝም። ሚሚ የምትባል የሥራ ባልደረባችን ስም በስዋሂሊ «እኔ»፣ በጃፓንኛ «ጆሮ» ማለት ነው፤ ሁለቱም የሚያሳፍሩ አይደሉም። ኩኩ የምትባል ሴትም ኬንያ ስትሄድ ስሟ ዶሮ መሆኑን ብታውቅ ይበቃታል። መጠንቀቅ የሚገባው ቃሉ ስድብ ወይም ነውር ሲሆን ነው። ሁላችንም የምናውቃት የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ስሟ በስፓንኛ ነውር በመሆኑ በብዙ ስፓንኛ ተናጋሪ አገሮች ሞንቴሮ ተብላ ነው የተሸጠችው። መኪና ስሙን ቢቀይር አይከፋውም፤ ሰው ግን እናቱ የምትጠራውን ስም የሚተው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ሁለት አጻጻፍ ያዝኩ። ለሲዳማ፣ ለወላይታና ለኦሮሞ ወዳጆቼ አዛውንቱ የጻፉትን ወሰድኩ፤ ለውጭ ገዢዎች ደግሞ በቲ ጀምሬ፣ ኤልን ነጠላ አድርጌ፣ በመጨረሻዋ ኢ ላይ ጭረት አኖራለሁ። ጭረቷ ለእንግሊዝኛ አንባቢ «ይህቺን ዝም ብለህ አትለፍ» ትለዋለች፤ የ«ሌ»ን መጥበቅ ግን አውቄ ትቼዋለሁ፣ ስፓንኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች «ቲዬ» ከሚሉኝ ላልቶ ቢነገር ይሻለኛል። ከአዲስ ደንበኛ ጋር ስጻጻፍም በመጀመሪያው ቀን በዋትስአፕ አጭር የድምፅ መልእክት ልኬ ስሜን ሁለት ጊዜ በዝግታ እላለሁ፤ ከየትኛውም አጻጻፍ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው። በውልና በባንክ ወረቀት ላይ ጥሌ የሚለው በየትኛውም መልኩ አይገባም፤ እዚያ ልክ በፓስፖርቴ ላይ እንደተጻፈው ጥላሁን ብቻ ነኝ።

አሁን ደግሞ ቅዲ የምትባል አዲስ ባልደረባ ስለ ራሷ ስም ጠይቃኛለች። የእሷ ከእኔ ይከብዳል፤ በሲዳሙ አፎና በቁቤ «ቅ»ን የሚወክለው የላቲኑ ኪው በቻይንኛ አጻጻፍ ወደ «ች» የቀረበ ድምፅ ነው፣ እንግሊዝኛ አንባቢም ከኋላው ዩ ሲያጣ ግራ ይጋባል። ለጊዜው ለውጭ ደብዳቤዎች በኬ እንድትጽፍ፣ ለማጠቢያ ጣቢያዎቹ ግን በኪው እንድትጽፍ ተስማምተናል፤ የድምፅ መልእክቷንም ባለፈው ሳምንት ቀድታለች።