«ቀጥ ብዬ ነው፣ ካፒቴን»

ነሐሴ ነበር። ባለ አንድ ሞተር ሴስና ይዘን ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ እየተመለስን ነው። ግራ ወንበር ላይ ሆኜ የማበርረው እኔ ነኝ። ካፒቴን ቀኝ ተቀምጠው ይከታተሉኛል። ዝዋይ አካባቢ፣ 11,000 ጫማ ላይ ደመና ውስጥ ገባን። መስታወቱ ነጭ ሆነ።

ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚነገረን አንድ ነገር ነው፦ ሰውነትህን አትመን፣ መሣሪያውን እመን። እኔም አመንኩ። አርቲፊሻል ሆራይዘኑ፣ ክንፎቹና አፍንጫው ከአድማስ አንጻር እንዴት እንዳሉ የሚያሳየው መሣሪያ፣ በዝግታ ወደ ግራ ሲያዘነብል በዝግታ ወደ ቀኝ አቃናሁ። ደግሞ አዘነበለ፤ ደግሜ አቃናሁ። ሁሉም ሰላም መሰለኝ።

«ወዴት እየሄድክ ነው?» አሉኝ።

«ቀጥ ብዬ ነው፣ ካፒቴን።»

«ፍጥነትህን አንብብልኝ።»

«140።» ቅድም 120 ነበር።

«ከፍታህስ?»

«10,600...» ድምፄ ተቆረጠ።

«ታዲያ ማነው የሚዋሸው?»

ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አልጮኹም፤ መሪውንም አልነጠቁኝም። ተርን ኮኦርዲኔተሩን፣ አውሮፕላኑ ወዴት እየዞረ እንደሆነ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ በጣታቸው ነካ አደረጉልኝ። ትንሿ የአውሮፕላን ምስል ቀኝ ክንፏን ጥላለች። ቀኝ ጥግ ያለችው የቫኪዩም መለኪያ ደግሞ ዜሮ ላይ ተኝታለች። እኔ አላየኋትም ነበር።

ሆራይዘኑ የሚሠራው በቫኪዩም ነው፤ ማለትም ፓምፕ በሚስበው አየር። ተርኑ በኤሌክትሪክ፣ ፍጥነትና ከፍታ ደግሞ በውጭ አየር ግፊት። ፓምፑ ሲሞት ጋይሮው፣ ሆራይዘኑ ውስጥ የሚሽከረከረው ጎማ፣ ወዲያው አይቆምም፤ እየደከመ ይሽከረከራል። ውሸቱ ቀስ ብሎ የሚመጣው ለዚህ ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣ ውሸት ደግሞ እውነት ይመስላል።

ካፒቴን ከማስታወሻቸው አንድ ወረቀት ቀደዱና ሆራይዘኑ ላይ ሸጎጡት። «ይሄን እርሳው» ብለው ራዲዮውን ያዙ።

በተርኑ ክንፎቹን ሳስተካክል የሰውነቴ ተራ ሆነ። ወደ ግራ የምገለበጥ መሰለኝ። ጆሮ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዲህ ነው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ስትዞር ከ20 ሰከንድ ገደማ በኋላ መዞርህን ይረሳል፣ ስትቃና ደግሞ በተቃራኒው የዞርክ ያስመስልሃል። ደመናው እስኪከፈት አንገቴን ወደ ቀኝ ጥዬ አበረርኩ። ዓይኔን ከተርኑ ወደ ፍጥነት፣ ከፍጥነት ወደ ከፍታ እያመላለስኩ።

ካፒቴን ከዚያ በኋላ ደጋግመው የሚያነሱልኝ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ፖርቶ ፕላታ የተነሳው ቦይንግ 757 የካፒቴኑ ፍጥነት መለኪያ ተሳስቶ ነበር። የረዳቱ ትክክል ነበር። 189 ሰዎች አለቁ። ስለዚህ «መሣሪያውን እመን» የሚለው ቃል ለእኔ ጎደሎ ነው። የትኛውን? ከማን ጋር ሲስማማ?

ቦሌ ስናርፍ ቴክኒሻኑ ፓምፑን ፈታው። ዘንጉ ተቆርጧል። እጁን እየጠረገ ሳለ አንድ የሥራ ባልደረባችን ጠጋ ብሎ፣ «ትናንት እኮ ቫኪዩሟ ዝቅ ብላብኝ ነበር» አለ።

«ለምን አልጻፍክም?» አልኩት።

«ወዲያው ተመለሰች።»

ሌላ አልተናገርኩም። ብናገር እጮህ ነበር። ሎግ ቡኩን፣ የአውሮፕላኑን የበረራና የጉድለት መዝገብ፣ ከፍቼ የትናንቱን ገጽ ፈለግሁ። ጉድለት የሚጻፍበት ቦታ ላይ በንጹሕ እጅ የተሰመረች አንዲት ሰረዝ ነበረች። ከሥሯም ፊርማው።